ስለ ካላዛር የሚመክረው ጉባኤና ካላዛር ያለበት አገር

ካላዛርንና ቁንጭርን በሚያጠቃልለው በሌሽማንያሲስ ላይ ብቻ የሚመክረው የዓለም ጉባኤ «ወርልድሌሽ» በሚል አጭር መጠሪያ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኢስታንቡል ከተጀመረ በኋላ በ2001 በቀርጤስ፣ በ2005 በሲሲሊ፣ በ2009 በሕንድ ላክናው፣ በ2013 በብራዚል ፖርቶ ደ ጋሊንያስ፣ በ2017 በስፔን ቶሌዶ፣ በ2022 ደግሞ በኮሎምቢያ ካርታኼና ተካሂዷል። ከእነዚህ ሰባት ጉባኤዎች አራቱ በቱርክና በደቡብ አውሮፓ፣ ሁለቱ በላቲን አሜሪካ፣ አንዱ በእስያ ተጠሩ። በአፍሪካ ምድር የተጠራ አንድም የለም።

ይህን ማንሣታችን የጉባኤውን ሳይንሳዊ ደረጃ ለመንቀፍ አይደለም፤ ለበሽታው ጥናት ያበረከተው አስተዋጽኦ የሚካድ አይደለምና። ጉባኤው በተመሠረተበት ዘመንም ለቦታው ምርጫ በቂ ምክንያት ነበረ። ያን ጊዜ ከካላዛር ሕሙማን አብዛኛዎቹ የሚገኙት በሕንድ ክፍለ አህጉር ነበር፤ በደቡብ አውሮፓም በሽታው ከኤች አይ ቪ ጋር ተደርቦ መታየቱ ተመራማሪዎችን አሳስቦ ነበር። ዛሬ ግን ሚዛኑ ተለውጧል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2023 ካላዛርን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ በማስወገድ የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች፤ በሕንድም የሕሙማኑ ቁጥር እጅግ ቀንሷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ከተመዘገቡት የካላዛር ሕሙማን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በምሥራቅ አፍሪካ የተገኙ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሕክምናን ይነካል። በሕንድ ክፍለ አህጉር በኪሎ 10 ሚሊግራም ሒሳብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው አምቢዞም አብዛኛውን ሕመምተኛ ሲያድን፣ ያው መጠን በሱዳንና በኢትዮጵያ ሲሞከር አጥጋቢ ውጤት ባለማሳየቱ ጥናቱ ተቋርጧል። አር ኬ 39 የተባለው ፈጣን የደም ምርመራም እዚያ ያሳየውን አስተማማኝነት በእኛ አካባቢ አላሳየም፤ በዚህም የተነሣ ከጣፊያ ናሙና የሚወስደው ሐኪምና በማይክሮስኮፕ የሚያነበው የላቦራቶሪ ባለሙያ እስከ ዛሬ አስፈላጊዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች ያወጣው የሕክምና መመሪያ ከተመረኮዘባቸው ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ የሕንድን ውጤት እንዳለ ወስዶ ለመተማና ለሑመራ ማዘዝ እንደማይቻል የታወቀው በዚሁ በአካባቢያችን በተሠራ ሥራ ነው። ሥራውን የሠሩት ግን አጀንዳው በሚቀረጽበት ጠረጴዛ ዙሪያ ምን ያህል ናቸው?

የዓለም አቀፍ ጉባኤ መጥሪያ ሁሉ «ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል። ክፍትነቱ የሚወሰነው ግን ከመጥሪያው በፊት፣ ማንም ልብ በማይላቸው ጥቃቅን በሚመስሉ ውሳኔዎች ነው። የመመዝገቢያው ክፍያ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ካርድ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ በወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ ገና ከመነሻው ቀርቷል። የጉዞ ድጋፍ የሚሰጠው ተሳታፊው አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ በኋላ ደረሰኝ ሲያቀርብ ከሆነ ድጋፉ የሚደርሰው ድጋፍ ለማያሻው ሰው ነው። (የዚህ ዓይነቱን «ድጋፍ» ብዙ የሙያ ባልደረቦቻችን ያውቁታል።) አብስትራክት ተቀባይነት ማግኘቱ ዘግይቶ የሚገለጽ ከሆነ ደግሞ ለቪዛ ቀጠሮ የሚሆን ጊዜ አይተርፍም።

የቪዛ ነገር ሲነሣ ከአዘጋጆች አቅም በላይ ነው የሚል መልስ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሞንትሪያል በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ በርካታ አፍሪካውያን ቪዛ ተነፍገው ሲቀሩ የተሰማውም ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ የዚያው ጉባኤ ታሪክ ሌላ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 በቦስተን ሊደረግ የነበረው ጉባኤ፣ አሜሪካ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች እንዳይገቡ በመከልከሏ ምክንያት ወደ አምስተርዳም ተዛውሯል። እንግዲህ ቪዛ የመንግሥታት ጉዳይ ቢሆንም ቦታ መምረጥ የአዘጋጆች ጉዳይ ነው።

የወባ ተመራማሪዎች ይህን ቀድመው ተገንዝበውታል። በወባ ላይ የሚመክረው የመላ አፍሪካ ጉባኤ ከዳካር 1997 ጀምሮ በደርባን፣ በአሩሻ፣ በያውንዴ፣ በናይሮቢ፣ እንደገና በደርባንና በዳካር፣ በ2024ም በኪጋሊ ተካሂዷል። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2011 በአፍሪካ ደረጃ የሚካሄደውን የኤድስ ጉባኤ አስተናግዳለች፤ ስለዚህ አዳራሽና ሆቴል የለም የሚለው ምክንያት አያስኬድም።

ሆኖም ጉባኤው ወደ አፍሪካ መምጣቱ ብቻውን መፍትሔ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሣ በሽታው መጀመሪያ የተገመተው ወባ ነው ተብሎ ነበር። የወባ መድኃኒት ወስደው ያልተሻላቸውን ሕሙማን በየጤና ጣቢያው የሚያዩት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው። እነዚህን ባለሙያዎች በየትኛው ጉባኤ መድረክ ላይ እናያቸዋለን? በአገራችን የሚካሄዱት ዓመታዊ የሕክምና ጉባኤዎች ራሳቸው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ይጠራሉ፤ ጥናቶቹ በእንግሊዝኛ ይቀርባሉ፤ ጥያቄና መልሱም በእንግሊዝኛ ተጀምሮ ሻይ ዕረፍት ላይ በአማርኛ ይቀጥላል። ሞቅ ያለውና ጠቃሚው ክርክር ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው። ቶሌዶን ወይም ካርታኼናን ስንወቅስ በወቀሳው ውስጥ እኛም አለንበት።

ከዓለም ጉባኤ በፊት ልንጀምረው የምንችለው ሥራ አለ። የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ባለበት በጎንደር፣ የሰሊጥ አጨዳ ሳይደርስና ወቅታዊ ሠራተኛው ወደ ቆላ ሳይወርድ፣ ሁለት ቀን የሚፈጅ ስብሰባ መጥራት ይቻላል። መመዝገቢያው በብር ይሁን ወይም ጨርሶ አይኑር። ከሰሜን ምዕራብ ቆላ ወረዳዎች የሚመጡት የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ነርሶች የራሳቸውን መዝገብ ይዘው በአማርኛ ያቅርቡ፤ የደቡብ ኦሞና የቦረና ባልደረቦች ደግሞ በሚቀናቸው ቋንቋ፣ አስተርጓሚ ተመድቦላቸው። የስብሰባው ርእሶች በእነዚሁ ሰዎች ይመረጡ። ከዚያ የሚወጣው የጥያቄዎች ዝርዝር ለቀጣዩ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዘጋጆች፣ የፕሮግራም ኮሚቴው አባላት ከመሰየማቸው በፊት፣ ከአስተናጋጅነት ጥያቄ ጋር ተያይዞ ይላክ።