ድርቡሽ፣ ቱርክ፣ ውጅግራ፦ በምዕራብ ጠረፍ የፉከራ ቃላት አፈታት ላይ የቀረበ አስተያየት

ከመፋዛና ከገዳሪፍ ወዲህ፣ በመተማ በኩል እስከ ቋራና አርማጭሆ በሚዘልቀው ጠረፍ የሚፎክር ገጣሚ ከውጭ የገቡ ቃላትን በብዛት ይጠቀማል። ለእነዚህ ቃላት በግርጌ ማስታወሻ የሚሰጠው ፍች ብዙ ጊዜ የምንጩን ቋንቋ ትርጉም ከመድገም አያልፍም። ይህም ገጣሚውን ያላለውን ያሰኘዋል።

«ድርቡሽ»ን እንውሰድ። ቃሉ በዐረብኛ በኩል ከፋርስኛው «ደርዊሽ» የመጣ ሲሆን፣ በምንጩ ድኻን፣ ኋላም ዓለምን የናቀ መናኝን ያመለክታል። ፎካሪው ግን መናኝን አያነሣም። ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. ከተቃጠለች፣ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ ወዲህ ቃሉ በአማርኛ የሚያስታውሰው ወራሪውን ጦር ነው። የሚገርመው፣ ማሕዲው ራሱ ተከታዮቹ በዚህ ስም እንዳይጠሩ ከልክሎ «አንሷር» አሰኝቷቸው ነበር፤ አማርኛ ያቆየው ባለቤቶቹ የጣሉትን ስም ነው። የድምፁም ለውጥ ልብ ይሏል። «ው» ወደ «ብ» ሲለወጥ የከንፈሩ ክበት የጠፋ አይመስለኝም፤ ወደ ተከታዩ አናባቢ ተሻግሮ «ኢ»ን «ኡ» ሳያደርገው አልቀረም።

«ቱርክ»ም እንዲሁ ነው። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የገጠሙት፣ ሱዳንን ከ1813 ዓ.ም. ጀምሮ የያዘውን የግብፅ ጦር ነበር። ሱዳኖች ያንን ዘመን «ቱርኪያ» ይሉታል። እንግዲህ በጠረፉ ግጥም ውስጥ «ቱርክ»ን የኢስታንቡል ሰው ብሎ መፍታት ስሕተት ነው፤ ስያሜው የጎረቤት ስያሜ ነው።

ምንጩ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ዋጋው ዘመንን ለመለየት ነው። «ውጅግራ» የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ ግራ በተባለ መኮንን ስም የተጠራው ይህ ጠመንጃ በፈረንሳይ ጦር የተመረጠው በ1866 ዓ.ም. ነው። «ስናድር» ደግሞ የአሜሪካዊውን የስናይደርን ስም ይዟል፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ታጥቆት ነበር። ስለዚህ በወጣቱ ካሣ እጅ ውጅግራ የሚያስይዝ ግጥም ቢገኝ፣ ከደባርቂው ውጊያ ቢያንስ አንድ ትውልድ ወዲህ የኖረ ፎካሪ የገጠመው ወይም ያደሰው ነው። ፎካሪው ግን አልተሳሳተም፤ ለእሱም ለአድማጩም ውጅግራ የጎበዝ መታወቂያ ነው። በግርጌ ማስታወሻው መቅደም ያለበት ይህ ነው፤ የፈረንሳዩ መኮንን ስም ከዚያ በኋላ ይግባ።