መስተዋድድን በዝርዝር ማስጠናት፤ በጁባ የታዘብነው

በጁባ ኮኞ ኮኞ ገበያ አጠገብ አነስተኛ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ አንድ ያገራችን ልጅ አንድ ማታ ማመልከቻ ይዞ ወደ እኛ መጣ። ቀን በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ ማታ ደግሞ ለወገኖቻችን እንግሊዝኛ ስለምናስተምር እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። የሱቁ ባለቤት ውሉ ሳያልቅ ኪራይ ስለ ጨመረበት ለአካባቢው ሹም አቤት ለማለት የተጻፈ ነው። ነገር ግን ማመልከቻው ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተሰናክሏል። «አይ ሬንትድ ሂም ዘ ሾፕ» ይላል። ሊል ያሰበው «ሱቁን ተከራየሁት» ነበር፤ የጻፈው ግን «ሱቁን አከራየሁት» ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን የተቀበለው ጸሐፊም «ያከራየኸው አንተ ከሆንክ ኪራይ የጨመረብህ ማን ነው?» ብሎ መልሶለታል።

«መምህር፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ግሡን እኮ አውቀዋለሁ» አለን።

እውነቱን ነው፤ ግሡን ያውቀዋል። ያላወቀው ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። በአማርኛ ሰጪና ተቀባይን የሚለየው በግሡ መነሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት፤ «አ» ካለች አከራየ፣ «ተ» ካለች ተከራየ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም «ሬንት» የሚል አንድ ግሥ ይዞ ልዩነቱን ለመስተዋድድ ይተወዋል፤ «ሬንት ቱ» ያከራየ፣ «ሬንት ፍሮም» የተከራየ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ «ተከራየሁት» ባለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ት» ሱቁን የምታመለክት ስትሆን ወገናችን «ሂም» ብሎ ተረጎማት። «ሂም» ከግሡ ቀጥሎ ሲገባ ደግሞ ተቀባዩ ሰው ሆነ።

ደብተሩን ስናይ ከዚያው ካገር ቤት ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው የመስተዋድድ ዝርዝር በንጽሕና ተገልብጦ ይገኛል። «አኩዝ ኦፍ፣ አግሪ ዊዝ፣ ቢሎንግ ቱ፣ ዲፔንድ ኦን» እያለ በቃሉ ይወጣዋል። «ሬንት» ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ዝርዝር እኛም ተማሪ ሳለን አጥንተነዋል፤ አስተማሪ ከሆንንም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል። ስለዚህ የምናቀርበው ሂስ በመጀመሪያ የሚነካው ራሳችንን ነው።

በጁባ ነገሩ የበለጠ የሚከብደው ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ዐረብኛ የሱዳን የሥራ ቋንቋ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛ የደቡቡ ክፍል ዋና ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ አገር ስትሆን ደግሞ የሽግግር ሕገ መንግሥቷ እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ አድርጎታል። ከ2005 የሰላም ስምምነት ወዲህ ለንግድና ለሆቴል ሥራ ወደዚህ የመጡት ኢትዮጵያውያን በገበያ ውስጥ በጁባ ዐረብኛ ይግባባሉ፤ ውል፣ ክስና ማመልከቻ ሲሆን ግን ያው እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል።

የዝርዝሩ የመጀመሪያ ጉድለት ሁሉንም ተማሪ እንደ አንድ መቁጠሩ ነው። ቀን የምናሠለጥናቸው ዕጩ መምህራን በጁባ ዐረብኛ የሚግባቡ፣ አንዳንዶቹም ባሪኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። እነዚህ «አፍሬይድ ፍሮም» ብለው ይጽፋሉ፤ በዐረብኛ ፍርሃት «ሚን» ከሚለው፣ ማለትም ከእኛ «ከ» ጋር ስለሚሄድ ነው። ማታ የምናስተምራቸው የእኛዎቹ ግን መስተዋድዱን ጨርሰው ይጥሉታል፤ «ፈራሁት» ስለምንል «አይ አፍሬይድ ሂም» ይላሉ። አንዱ የማይገባውን ይጨምራል፣ ሌላው የሚገባውን ያስቀራል። ዝርዝሩ ለሁለቱም «አፍሬይድ ኦፍ» የሚል አንድ መድኃኒት ያዝዛል፤ በሽታው ከየት እንደ መጣ ግን አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጉድለት የፊደል ተራው ነው። «አኩዝ» እና «አግሪ» ጎረቤት የሆኑት በፊደል ብቻ ነው። ይህን ቀደም ብሎ ያየ ሰው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ነበር። በጃፓን ሲያስተምር የተማሪዎቹን ችግር ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1942 በቶኪዮ የታተመውን መዝገበ ቃላት ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጀ፤ በ1954 ደግሞ «ኤ ጋይድ ቱ ፓተርንስ ኤንድ ዩሴጅ ኢን ኢንግሊሽ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ግሦች የተመደቡት ከኋላቸው በሚያስከትሉት ነገር፣ በ25 ስልቶች ነው። «ቴል ሚ» ሲባል «ኤክስፕሌይን ሚ» የማይባልበትን ምክንያት የሚፈልግ መምህር ሁለቱ ግሦች በተለያየ ስልት ተመድበው ያገኛቸዋል። እኛ «አስረዳኝ» ስለምንል ይህ ስሕተት ከአፋችን አይጠፋም። መጽሐፉ ለመምህር ዛሬም ይጠቅማል እንላለን። ለተማሪ መስጠት ግን አይገባም፤ የስልቶቹን ቁጥር ማስታወስ ራሱ ሌላ ዝርዝር ይሆንበታልና።

ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሄደው በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ከተሰበሰበ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የኮቢልድ የግሥ ስልቶች መጽሐፍ ነው። እርሱ ግሦችን በስልት ከመደበ በኋላ በአንድ ስልት ውስጥ ያሉትን ደግሞ በትርጉም ቤተሰብ ይከፋፍላቸዋል። መስተዋድዱ ከግሡ ጋር በዘፈቀደ እንዳልተጣበቀ፣ የራሱ ትርጉም እንዳለው የሚገባን ይህን ስናይ ነው። ይሁንና ሁለቱም መጻሕፍት ስለ እኛ ተማሪ አንድ ቃል አይናገሩም። ይህ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

የቤት ሥራው ደግሞ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ለዚህም በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ጎን በጠረጴዛችን ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው። አማርኛ መስተዋድድ የሚያደርገውን ሥራ ብዙ ጊዜ ለግሡ ጅራት ይሰጠዋልና። ማታ ለምናስተምራቸው «ድንጋይ ወረወረበት» እና «ኳስ ወረወረለት» ብለን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ከዚያ «ስሮው አት» እና «ስሮው ቱ» ብለን ከጎኑ አስቀመጥን። ሳቀበት፣ ጮኸበት፣ ተኮሰበት፣ አፈጠጠበት የሚሉትን ራሳቸው እየጠሩ «አት» ከሚለው ሥር አሰለፏቸው። መሰከረለትና መሰከረበት ሲመጡ «ፎር» እና «አጌንስት» ተገኙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዝርዝሩ በአንድ ወር የማይሰጠውን አገኙ።

ሌላም አለ። «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» ብለው ለሚያቆሙት፣ «የምኖርበት ቤት» ባለው ውስጥ «በት» ምን ትሠራለች ብለን ጠየቅን። አንዲት ሆቴል የምትሠራ እኅታችን «እሷማ ‹ኢን› ናት፤ ታዲያ መጨረሻ ላይ ትቀመጣ» አለች። እኛ ይህን ሕግ ለማስረዳት ስንት ሰሌዳ ጽፈን አጥፍተናል።

ይህ መንገድ ሁሉን ይፈታል አንልም። «ልጁ ሞተበት» ለሚለው የእኛ «በት» በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ምቹ ጓደኛ አናገኝለትም። ጠበቀ፣ አዳመጠ፣ ተመለከተ፣ ፈለገ የመሳሰሉት ደግሞ በእኛ ቋንቋ ተሳቢያቸውን በቀጥታ ስለሚወስዱ «ዌይት ፎር»፣ «ሊስን ቱ»፣ «ሉክ አት»፣ «ሉክ ፎር» እየተባሉ መጠናት አለባቸው። «ለ» ብቻዋን ሁለት ቦታ የምትውልበትም አለ፤ ለመሥሪያ ቤቱም ለሥራ ቦታውም «አመለከተ» እንላለን፣ እንግሊዝኛ ግን ለቢሮው «አፕላይ ቱ»፣ ለሥራው «አፕላይ ፎር» ይላል። የሚጠናው ግን እጅግ ያንሳል።

ከሁሉ ይልቅ ልንከራከርበት የምንፈልገው የማረም ልማዳችንን ነው። «ዲስከስ አባውት» ብሎ የጻፈና «አኩዝድ ባይ ቴፍት» ብሎ የጻፈ እኩል አንድ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። የመጀመሪያው «ስለ» የምትለዋን አማርኛ ይዞ የመጣ ነው፤ ከኬንያና ከኡጋንዳ የመጡ መምህራን ሲናገሩትም እንሰማለን፤ ሐሳቡም አይዛባም። ሁለተኛው ግን በስርቆት ተከሰሰ ሊል ፈልጎ ስርቆትን ከሳሽ አድርጎ አቁሞታል። በፖሊስ ጣቢያ ቃል የሚሰጥ ሰው የትኛው ስሕተት እንደሚጎዳው ግልጽ ነው። አራት አማራጭ የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ሁለቱን ባይለይ የፈተናው ጠባይ ነው እንበል። በእጃችን ቀይ እስክርቢቶ ይዘን ደብተር የምናርም እኛ ግን ያለመለየት ምክንያት የለንም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ስንል ስሕተትን መፍቀድ ነው ብለው ይቆጡናል። በበኩላችን ማረሙ ይቅር አላልንም፤ ቀዩ ቀለም አስቀድሞ ትርጉም በሚገለበጥበት ቦታ ይፍሰስ ነው የምንለው።

ያን ማታ ከወገናችን ጋር ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው። «አይ ሬንትድ ዘ ሾፕ ፍሮም ሂም» ብሎ ጀመረና «ከእሱ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ወደ ታች ወርዶ «ከባለቤቱ ጋር ስለ ኪራዩ ተወያይተን ነበር» ለማለት «ዲስከስ አባውት» ብሎ ጻፈ። አልነካንበትም፤ ሹሙ ቢሮውን የሚከፍተው በማግሥቱ ማለዳ ስለነበር ጊዜያችንን በውሉ ቀንና በኪራዩ ቁጥር ላይ አዋልነው።