ጅብን ረጋ ብሎ ማየት

አዲስ አበባ ላደገ ልጅ የጅብ ጩኸት እንግዳ አይደለም። የጄሲካ በሽር አጭር ፊልም «ሀይራት» ግን ጅብን ከማስፈራሪያነት አውጥቶ በቅርበት ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ማሳደድም ሆነ የሚፈታ ቋጠሮ የለውም። ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህ ለ35 ዓመታት እንደለመደው፣ ማታ ማታ ከሐረር ግንብ ውጭ ጅቦቹን ያበላል። ካሜራው አይቸኩልም፤ የሰውየው እጅና የጅቡ መንጋጋ ሲቀራረቡ ዓይን ጠግቦ ያያል።

ኮልፌ ቀራንዮ ያለ የትምህርት ቤት የፊልም ክበብ በዚህ ቢጀምር መልካም ነው። ፕሮጀክተር፣ የተጋረደ መስኮትና የተዘጋ ስልክ ይበቃሉ። በየሰከንዱ ቪዲዮ መቀያየር የለመደ ታዳጊ ሰባት ደቂቃ አይከብደውም፤ ትንፋሹ ግን ይረጋጋል። ሲያልቅ «ምን ሆነ?» ከማለት «ምን አየህ? ምን ሰማሽ?» ብሎ መጠየቅ ልጆቹን ያናግራል።

ጄሲካ ሜክሲኮ ሲቲ ተወልዳ ሐረር ነው ያደገችው፤ ከአገር የወጣችው በ16 ዓመቷ፣ በክበቡ ልጆች ዕድሜ ነበር። ተመልሳ ለ10 ዓመታት ያህል የደከመችበት «ፋያ ዳይ» የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታይቷል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለ ጫትም ስለሆነ ለሁለተኛው ዙር፣ ከመምህር ወይም ከወላጅ ጋር ቢታይ ይመረጣል።