«ና» እና «መምህሮች»፦ የሚሻር ድምዳሜ በሁለት አመክንዮዎች ሲመዘን

የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ «ሰማ»ን «ስማ»፣ «በላ»ን «ብላ» ያደርጋል። ደንቡ ብቻውን ቢሠራ «መጣ» «ምጣ» በሆነ ነበር፤ ቋንቋው ግን «ና» ይላል። እንዲህ ያለው ድምዳሜ አዲስ መረጃ ሲገኝ ይሻራል። በጥንታዊው አመክንዮ ግን አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ነገር መረጃ ስለ ተጨመረ አይሻርም።

በ1980 እ.ኤ.አ. ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች ቀረቡ። ሬይመንድ ሬይተር «ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ እንዲህ በል» የሚል የድምዳሜ ደንብ አቆመ። ጆን ማካርቲ ደግሞ ከደንብ ያፈነገጡ ነገሮች በተቻለ መጠን ጥቂት የሚሆኑባቸውን ሞዴሎች ብቻ መረጠ። «የአንድ ግሥ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው» የሚል መነሻ ከተጨመረ፣ ሁለቱም «ና»ን ተቀብለው «ምጣ»ን ይጥላሉ።

ልዩነታቸው የሚታየው በብዙ ቁጥር ነው። «መምህር» በአጠቃላዩ ደንብ «መምህሮች»፣ ከግእዝ በመጣው ደንብ «መምህራን» ይሆናል። የብዙ ቁጥር ቅርጽ አንድ ብቻ ነው ከተባለ፣ የሬይተር አመክንዮ ሁለት የድምዳሜ ስብስቦችን ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዱ ቅርጽ ብቻ ይገኛል። የማካርቲው «ከሁለቱ አንዱ» ከማለት አያልፍም። ልዩው ደንብ አጠቃላዩን ይቅደም ቢባል ደግሞ «መምህሮች» ስሕተት ሊሆን ነው። ተናጋሪው ግን ሁለቱንም ቅርጾች በአንድ ጭውውት ውስጥ ይጠቀማል።

ስለዚህ ጉድለቱ ያለው በአመክንዮዎቹ ላይ ሳይሆን በመነሻው ላይ ነው። «አንድ ብቻ» የሚለው ሲነሣ ሁለቱም አመክንዮዎች ሁለቱን ቅርጾች በአንድነት ይቀበላሉ፤ በዚህ ረገድ የነበራቸው ልዩነትም ይጠፋል። «ቅዱሳኖች» የሚለው አነጋገር ይህን ያጠናክራል፤ «-ኣን» እና «-ኦች» በአንድ ቃል ላይ ከተደረቡ፣ አንዱ ሌላውን ያግዳል ማለት ያስቸግራል።

ልዩው ደንብ አጠቃላዩን ያግዳል የሚለው ሐሳብ በሥነ ምዕላድ ጥናት እንደ ሁለንተናዊ መርሕ ሲወሰድ ይታያል። የአማርኛ ማስረጃ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እገዳው ለ«መጣ» ትእዛዝ ይሠራል፣ ለ«መምህር» ብዙ ቁጥር አይሠራም። አጥኚው አመክንዮ ከመምረጡ በፊት እገዳው በየትኛው የሰዋስው ክፍል እንደሚሠራ ከቋንቋው ማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ ሳይደረግ የሚቀመር ሥርዓት፣ መነሻው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ግምት መልሶ እንደ ውጤት ያቀርባል።