ማይሊን የሽቦ ልባስ ብቻ ነውን?

ማይሊንን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ጋር እያነጻጸሩ ማስተማር በጤና ትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። ምሳሌው ጥቅም አለው፤ የነርቭ መልእክት በማይሊን በተሸፈነ አክሶን ላይ ለምን እንደሚፈጥን ለጀማሪ ተማሪ በአጭሩ ያስረዳል። ጉድለቱ ሸፋኙን አካል በድን አድርጎ ማቅረቡ ነው። ማይሊንን የሚሠሩት የግሊያ ሕዋሳት የነርቩን መልእክት ተቀብለው ምላሽ ይሰጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በርግልስና ባልደረቦቹ፣ የነርቭ ሕዋሳት ኦሊጎዴንድሮሳይት ከሚሆኑት ለጋ ሕዋሳት ጋር ሲናፕስ ፈጥረው ግሉታሜት የተባለውን ኒውሮትራንስሚተር እንደሚለቁላቸው በአይጥ አንጎል ላይ አሳዩ። በዚያው ዓመት ስቲቨንስና ፊልድስ ኤቲፒ የሽዋን ሕዋሳትን መባዛትና ማይሊን መሥራት እንደሚገታ አመለከቱ። በ2002 ደግሞ አዴኖሲን በማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት የማይሊንን መሠራት እንደሚያበረታታ ተዘገበ። እንግዲህ ነርቩ ሸፋኙን በኬሚካል ያዘዋል፤ እንደ ኬሚካሉም ዓይነት ሥራውን ያፋጥናል ወይም ይገታል።

ይህ ግንኙነት አደጋም አለው። ግሉታሜት ከመጠን ሲያልፍ በኤኤምፒኤና በካይኔት ተቀባዮች በኩል የነርቭ ሕዋሳትንም ኦሊጎዴንድሮሳይቶችንም ይገድላል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ሩቅ እንዳልሆነ የሚያሳየው ጓያ ነው። በጓያ ውስጥ የሚገኘው ቤታ-ኦዳፕ ግሉታሜትን መስሎ የኤኤምፒኤ ተቀባዮችን ያነቃቃል። በድርቅ ዘመን ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ሁለት እግሮቹ ገትረው ሊቀሩ ይችላሉ። በደላንታ ዳውንት የታየው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት መጽሔት ቀርቧል። እርግጥ የጓያ ሽባነት የማይሊን በሽታ አይባልም፤ ዋናው ጉዳት እንቅስቃሴን በሚያዙት ረጃጅም የነርቭ መስመሮች ላይ ነው። ሆኖም ምግብ እንዴት እግር እንደሚያሽመደምድ በሽቦ ምሳሌ ማስረዳት አይቻልም። የሚያስረዳው የኬሚካል መልእክቱ ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ከሰበታ ባሻገር ያለው የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ጓያ የሚስማማው ነው፤ ወደ ከተሞቹም ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፈላጊ ይጎርፋል። ሽባነቱ የማይድን በመሆኑ ከዓመታት በፊት የተጎዳ ሰው ዛሬ በጤና ጣቢያው በር ሊገባ ይችላል። እግሮቹ ገትረው በጣቶቹ የሚራመድ፣ የጉልበቱ ሪፍሌክስ የበረታ፣ የስሜት ሕዋሱና ሽንት የመቆጣጠር ችሎታው ግን ያልተነካ በሽተኛ ሲመጣ የአመጋገብ ታሪኩን መጠየቅ ይገባል። የአከርካሪ ቲቢን፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትንና የሕብለ ሰረሰር መጨፍለቅን ግን ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም።

የጤና ትምህርቱም ከዚሁ ጉድለት አላመለጠም። በሽታውን የሚያመጣው የጓያ እንፋሎት ወይም ገለባ ነው የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ አለ። «ጓያ አትብሉ» ብሎ መገሠጽ ይህን እምነት አያስለቅቅም፤ ሌላ ሰብል ለሌለው ቤተሰብም ምክር አይሆንም። የሚጎዳው የሚበላው ፍሬ መሆኑን መናገር፣ የተቆላውንና የተቀቀለውን እንዲሁም እሸቱን ማዘውተር አደጋውን እንደሚያባብስ ማስረዳት፣ ከእህል ጋር መቀላቀል ደግሞ እንደሚቀንሰው ማሳወቅ የተሻለ ነው።

ስለዚህ የሽቦው ምሳሌ ለመነሻ ይቆይ፤ በእርሱ ላይ ግን ትምህርቱ አይቁም። በነርቭና በሸፋኙ መካከል ያለውን የኬሚካል ንግግር ያወቀ ባለሙያ ለበሽተኛው የሚነግረው ምክንያት፣ ለጎረቤቶቹም የሚሰጠው መከላከያ ይኖረዋል።