የፌርማታ መጠለያ፤ ጥቅምና ውበት ሲጣሉና ሲታረቁ

የሮማው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የሥነ ሕንጻ መጽሐፍ፣ አንድ ሕንጻ ሦስት ነገሮችን አሟልቶ መገኘት እንዳለበት አስተምሯል። እነዚህም ጽናት፣ ጠቃሚነትና ውበት ናቸው። ስለ ቤተ መንግሥት ወይም ስለ ቤተ መቅደስ ሲነገር ሦስቱን ማስማማት ቀላል ይመስላል፤ ቦታውም ገንዘቡም ሰፊ ነውና። ችግሩ ጐልቶ የሚታየው ከሕንጻዎች ሁሉ አነስተኛ በሆነው በአውቶቡስ ፌርማታ መጠለያ ላይ ነው። አንድ ጣራ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ነፋስ የሚከልል አንድ ግድግዳ፤ የሚፈለገው ይኸው ነው። ታዲያ በዚህች ጠባብ ሥራ ውስጥ የኪነ ጥበብ ምኞት እስከ የት ድረስ ሊሄድ ይገባዋል? ጥያቄውን በጥቂት የታወቁ ሥራዎች እንመርምረው።

በምዕራብ ኦስትሪያ፣ ፎራርልበርግ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ክሩምባህ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ 1,000 ያህል ብቻ ናቸው። ይህች መንደር እ.ኤ.አ. በ2014 በሰባት ፌርማታዎቿ ላይ አዳዲስ መጠለያዎች አቆመች። ንድፉን ያወጡት ከሩሲያ፣ ከኖርዌይ፣ ከቤልጂየም፣ ከእስፔን፣ ከቺሊ፣ ከጃፓንና ከቻይና የተጋበዙ ስመ ጥር አርክቴክቶች ሲሆኑ፣ ንድፉን በእንጨት፣ በብረትና በአርማታ ወደ ሥራ የለወጡት ግን የአካባቢው ባለሙያዎች ነበሩ። ነዳፊዎቹ ያገኙት ዋጋም ገንዘብ ሳይሆን በዚያው በተራራማው አገር የዕረፍት ጊዜ ማሳለፍ ነበር። ለአንዲት ትንሽ መንደር ይህ የሚያስመሰግን ድፍረት ነው። ይሁን እንጂ ምስጋና ከምርመራ አያድንም።

ለክርክራችን በጣም የሚመቸው የጃፓናዊው የሶ ፉጂሞቶ ሥራ ነው። ቀጫጭን ነጫጭ የብረት ዘንጎች እንደ ጫካ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመካከላቸውም ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ ይዞራል። ከላይ ሆኖ አካባቢውን መቃኘት ይቻላል። እንደ ቅርጻ ቅርጽ ሲታይ ቀላል፣ ንጹሕና ዓይን የሚስብ ነው። ነገር ግን ጣራም ግድግዳም የለውም። ዝናብ ቢመጣ ዝናቡ፣ በረዶ ቢወርድ በረዶው በተጠባባቂው ራስ ላይ ያርፋል። ሥራውን የሚደግፍ ሰው፣ «መጠበቅም እኮ የሕይወት ክፍል ነው፤ ሰው ሰማዩንና ተራራውን እያየ ቢጠብቅ ምን ይጎዳዋል?» ሊል ይችላል። አባባሉ ለጎብኚ እውነት ነው። ጎብኚ ሲዘንብ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ግን የሚመለስበት የለውም። ከዚህም በላይ ምሳሌው ራሱ ጎደሎ ነው። ጫካ መንገደኛን የሚያስጠልለው በግንዱ ሳይሆን በቅጠሉ ነው። ነዳፊው ከጫካው ግንዱን ወስዶ ቅጠሉን ትቶታል።

በዚያችው መንደር ከዚህ የተለዩ ሥራዎችም አሉ። የእስፔኑ ኤንሳምብል ስቱዲዮ ኦክ የተባለውን ጠንካራ እንጨት ቀለምም ቅባትም ሳይነካው ሳንቃ በሳንቃ ላይ ደራርቦ ጣራውንም ግድግዳውንም ከዚያው አወጣ። የኖርዌዩ ሪንታላ ኤገርትሶን መጠለያውን ከቴኒስ ሜዳ ጋር አያይዞ፣ በመንገዱ በኩል አውቶቡስ የሚጠበቅበት፣ በሜዳው በኩል ደግሞ ጨዋታ የሚታይበት አደረገው። የቺሊው ስሚልያን ራዲች በመስታወት የተከበበ ክፍል ሠርቶ፣ የአካባቢውን የገበሬ ቤት እልፍኝ የሚያስታውስ ጣራና የእንጨት ወንበሮች አገባበት። እነዚህ ሥራዎች ከፉጂሞቶው ሥራ በምኞት አያንሱም። ልዩነቱ ምኞታቸው ተጠባባቂውን ሰው ከማሰብ የተነሣ መሆኑ ነው። እንግዳን እልፍኝ ማስገባት አክብሮት እንደሆነ ሁሉ፣ መንገደኛን በእልፍኝ ማስጠበቅም አክብሮት ነው።

ጥያቄው በክሩምባህ የተጀመረ አይደለም። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ታላላቅ ሕንጻዎች አንድ ወጥ በሆነ ንድፍ ሲሠሩ፣ በገጠር መንገድ ዳር ያሉ ፌርማታዎች ግን ለነዳፊዎች የነፃነት ቦታ ሆነው ነበር። ካናዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስቶፈር ኸርዊግ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙዎቹን ለዓለም አሳይቷል። በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በአብካዚያ፣ ዙራብ ጼሬቴሊ የነደፋቸው በሞዛይክ ያሸበረቁ ፌርማታዎች የባሕር እንስሳትን ይመስላሉ፤ ለዓይን ድንቅ ናቸው፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ሥር ከፀሐይና ከዝናብ መሸሸግ አስቸጋሪ ነው። በአንጻሩ በኪርጊዝስታን ካልፓክ በተባለው የአገሩ ባርኔጣ አምሳል የተሠራ ፌርማታ አለ። ባርኔጣ ራሱ ለራስ ጥላ ነው፤ ስለዚህ ጌጡና ጥቅሙ አንድ ሆነዋል። ምሳሌ ሲመረጥ እንዲህ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ «እንግዲያስ ጌጡ ቀርቶ ርካሹና ቀላሉ ይበቃል» ብሎ እንዳይደመድም ሌላውን ጫፍ እንመልከት። በሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 «ላ ሶምብሪታ» የተባለ ሙከራ ቀረበ። የፌርማታ ምሰሶ ላይ የተገጠመች፣ በቀዳዳ የተሞላች ጠባብ የብረት ገበታ ነበረች፤ ቀን ጥላ፣ ማታ ብርሃን እንድትሰጥ ታስቦ ነው። ሙሉ መጠለያ ለማቆም የሚጠየቀው ፈቃድና ገንዘብ ብዙ ስለሆነ ነዳፊዎቹ በተፈቀደላቸው ልክ ማሰባቸው አያስነቅፋቸውም። ሆኖም ገበታዋ የጣለችው ጥላ እጅግ ትንሽ ነበርና የብዙዎች መሳለቂያ ሆነች። ከዚህ የምንማረው፣ ቁጠባ ብቻውን ጠቃሚነት አለመሆኑን ነው። ውበትን የተወ ሁሉ ጥቅምን ያገኛል ማለት አይደለም።

መፍትሔውን በሚገባ ያሳየችው የብራዚሏ ኩሪቲባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ከንቲባው ዣይሜ ለርነር ራሱ አርክቴክት በነበረበት ዘመን፣ ከብረትና ከመስታወት የተሠሩ ትልልቅ ቱቦ መሰል ፌርማታዎች ተተከሉ። ተሳፋሪው ሂሳቡን የሚከፍለው ወደ ቱቦው ሲገባ ነው፤ ወለሉ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል በመሆኑ ደረጃ መውጣት የለም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም ማንሻ ተበጅቷል። ስለዚህ አውቶቡሱ ብዙ ሳይቆም ይሄዳል። ቱቦው ለማማር ተብሎ አልተፈለሰፈም፤ ሥራው ቅርጹን ወለደ፤ ቅርጹም የከተማዋ መታወቂያ እስከ መሆን ደረሰ።

ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሣር ክዳን ጎጆአችን ክብና ሾጣጣ የሆነው ዝናቡ እንዳይቋጠርበት ነው፤ ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ የሚወርደው ጭቃው ምርጊት እንዳይታጠብ ነው። ውበቱን ያገኘነው ከዚሁ ነው።

በሥዕልና በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አቅራቢያው ፌርማታ ወስደው እነዚህን ጥያቄዎች ቢያስጠይቁ ብዙ ትምህርት ይገኝበታል። በሐምሌ ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ የሚመጣው ከየት በኩል ነው? በበጋ በሰባት ሰዓት ጥላው የሚያርፈው በወንበሩ ላይ ነው ወይስ በአስፋልቱ ላይ? ሽማግሌ ተቀምጦ ለመነሣት የሚደገፈው ነገር አለ? የሚመጣው አውቶቡስ ከተቀመጡበት ይታያል? ተማሪው እነዚህን ከመለሰ በኋላ እርሳሱን አንሥቶ የፈለገውን ያህል ያምር ዘንድ ይንደፍ።

በፌርማታ የሚቆመው መኪና የሌለው ሰው ነው፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ከሕክምና የሚመለስ በሽተኛ። ለእነዚህ ሰዎች ጣራ የነፈገ ውብ ሥራ፣ ውበት የነፈገ ርካሽ ሥራም፣ ሁለቱም ያልተከበሩ መሆናቸውን ይነግሯቸዋል። ስለዚህ የፌርማታ መጠለያ ሲመዘን ጣራው ይቅደም። ጥበቡም ከጣራው ሥር ይጀምር።