በሐምሌ ሙቀት የተለኮሰ እሳት

ጦርነት፣ ስለላ ወይም ወንጀል ያለበት ልብ ወለድ ከጀመርኩ ሌሊቱ አለቀ ማለት ነው። “አንድ ምዕራፍ ብቻ” እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። ኦሮማይ የተሰኘውን ልብ ወለድ እንኳ መጨረሻውን እያወቅሁት ስንቴ ደግሜዋለሁ! ሰሞኑን የያዘኝ ግን በ1920 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የአጋታ ክሪስቲ የበኩር ልብ ወለድ፣ የስታይልስ ቤት ታሪክ ነው።

ዘመኑ አንደኛው የዓለም ጦርነት ቢሆንም መድፍ አይሰማም። ተራኪው ሄስቲንግስ ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ መኮንን ነው፤ መርማሪው ፖይሮት ደግሞ ከቤልጂየም የተሰደደ፣ በመርዝ በተገደሉት የስታይልስ ቤት እመቤት ቸርነት የተጠለለ ሰው። በዚያ ቤት በጦርነቱ ቁጠባ የተነሳ ብጣሽ ወረቀት አይጣልም፤ በጆንያ ተሰብስቦ ይላካል። ታዲያ እመቤቲቱ በሐምሌ ሙቀት “መኝታ ቤቴ እሳት ይንደድልኝ” ያሉት ለምንድን ነው? ፖይሮት እዚህች ጋ ቆም ይላል። ወረቀት በማይጣልበት ቤት ወፍራም ሰነድ ማጥፋት የፈለገ ሰው ከማቃጠል ሌላ ምን አማራጭ አለው? እኔ ግን ጆንያውን አይቼ እንዳላየሁ አልፌው ነበር።

መርዙም ቢሆን በግምት የተጻፈ አይደለም። ክሪስቲ በጦርነቱ ጊዜ በቶርኪ ከተማ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ ስለ ስትሪክኒን ስትጽፍ መድኃኒት የመዘነ እጅ ይታያል።

ገዳዩን አልናገርም። አንድ ወዳጄ ያዋስኩት የወንጀል ልብ ወለድ ኅዳግ ላይ የገዳዩን ስም በእርሳስ ጽፎ መልሶልኛል፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አላዋስኩትም።